ሦስት ቤት ሲቆጠር

አባቴ ሁለት አባት ነበረው፤ አንዱ ለመንግሥት ቅጽ፣ አንዱ ለእንግዳ። ለቅጹ የሚሆነው ጭሰኛ ነበር፤ የሰው መሬት ሲያርስ ኖሮ የሞተ ምስኪን። ለእንግዳ የሚሆነው ግን የደጃዝማች ልጅ ነበር። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ይርጋለም የተቀበረው አያቴ።

ጭሰኛውን እኔው ነኝ የጻፍኩት። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሀዋሳን ገና አዋሳ እያልን የምንጠራበት። መሃል ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ፤ አባቴ ደግሞ እዚያው የመዝገብ ቤት ኃላፊ። አንድ ቀን የሠራተኛ የሕይወት ታሪክ ቅጽ መጣ፤ «የመደብ አመጣጥ» የሚል ባዶ መስመር ነበረበት። አባቴ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደና «ጭሰኛ በዪው» አለኝ። በታይፑ መታሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ ከሰው ዓይን ሸሽጎ አነበበ። ውሸት በመሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ ውርደት ስለመሰለው ነው። ፈረመና ወደ መዝገቦቹ ተመለሰ።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበር። ልጆቹ አንቱ እንድንለው ያስገድደን ነበር፤ የደጃዝማች የልጅ ልጅ አንተ አይባልም። በአፌ አንቱ አልኩት፣ በልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ነበር፤ ስለዚህ እዚህም አንተ እለዋለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሩን ይዘጋና ስለ ደጃዝማቹ ይነግረን ነበር። ስንት በቅሎ እንደነበራቸው፣ ስንት ጋሻ መሬት፣ ግብር ሲያበሉ ስንት ሰንጋ እንደሚወድቅ። የደጃዝማቹን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ በእኛ ቤት ለሰባት ሰው ዕድሜ የሚበቃ ተጠርቷል። የሚገርመው፣ ስለ ገዛ አባቱ ግን ምንም አይናገርም። ስለ ደጃዝማቹ በቅሎዎች ቀለም ያወራል፣ ስለ አባቱ መልክ ሲጠየቅ ግን «ጨዋ ሰው ነበሩ» ብሎ ያልፋል።

አንድ ነገር ብቻ ከአባቱ ወርሷል፤ ቋጠሮ። በመዝገብ ቤቱ የቆዩ ፋይሎች በገመድ እየታሰሩ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ፤ እሱ ያሰረውን ከእሱ በቀር የሚፈታው አልነበረም። ጸሐፊዎቹ በጥፍራቸው ታግለው ታግለው ሲያቅታቸው «ጋሼ ይጠሩልን» ይላሉ፤ እሱ ይመጣና አንዷን ጫፍ ሳብ ሲያደርጋት ዝርግፍ ትላለች። ልጅ ሆኜ ከየት ተማሩት ብዬ ጠይቄው ነበር። «የመኳንንት ቋጠሮ ነው» አለኝ። «ደጃዝማቹ ደብዳቤ ሲልኩ በዚህ ነበር የሚያሳስሩት። አባቴ አስተማሩኝ።» አመንኩት። ትምህርት ቤት ሄጄም ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ያን ሳስበው እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

እንግዲህ ሊያገባኝ ስለነበረው ሰው ልናገር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ ከነእናቱ ወደ ከተማችን ተመድቦ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። ከሥራ መልስ በሐይቁ ዳር አብረን እንሄዳለን፤ እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ድምፁን እወደው ነበር። ይህን መጻፍ አሁን ያሳፍረኛል፣ ግን እወደው ነበር፤ ስሜ ከስሙ ጋር ሲጠራ ልቤ ትሞቅ ነበር። ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፣ መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳቅኩ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይቆጥራል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት፣ ምንዥላት እያለ። ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ልጆቹ ዘመድ ናቸው፣ ጋብቻ የለም። የቀበሌው ካድሬ ይህን «ኋላ ቀር ልማድ» ይለዋል፤ እሱም ራሱ ሲያገባ አስቆጥሮ ነው ያገባው።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከሰዓት መጡ፤ ሦስት ናቸው። ዋናው ሊያገባኝ የፈለገው ልጅ አጎት፣ የእናቱ ወንድም ነበር። ሐይቃችን ዳር አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ካባ የደረበ መኳንንት ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ራሰ በራ ነው፣ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን አንጀት ይጠብቃል። አጎትየው ቁርጥ እሱን ነበር። መሬቱ በአዋጅ ተወርሶበት እህቱ ዘንድ ተጠግቶ ይኖራል፤ ሲቀመጥ ግን ወንበሩ የእሱ ርስት ይመስል ነበር።

እኔ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። እናቴ በግ አሳርዳለች። አባቴ ተነሣ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ፣ ራዲዮኑን ከፍ አደረገ። ዘር የሚቆጠረው በራዲዮ ድምፅ ተሸፍኖ ነበር፤ የደጃዝማች ስም ውጭ ከተሰማ «አድኃሪ» መባል አለና። የዚያን ቀን ራዲዮኑ ፊውዳሊዝም ላይመለስ ስለመቀበሩ ያብራራ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከሥሩ ተቀምጦ ከመቃብሩ ሊያወጣው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እንግዲህ እኔ» አለ፣ «አባቴ እገሌ። አባታቸው...» ጋቢውን አስተካከለ፤ ጊዜውን ያውቅበታል። «አባታቸው ደጃዝማች እገሌ።»

አጎትየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን አሉኝ?»

አባቴ ደገመው። ሰውዬው ተነሣ። «እኔስ የማን የልጅ ልጅ ነኝ? የእኔስ አባት የማን ልጅ ነው?» ብሎ ያንኑ ስም ጠራ። ከዚያ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠመና «የአጎቴ ልጅ! ወንድሜ! አያታችን በየደረሱበት ዘራቸውን እንደዘሩ ሰምቼ ነበር፤ ይኸው! ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይህ ነው!» አለ። ደርግ ከመጣ ወዲህ ሁሉም ዘሩን ደብቆ ስለኖረ፣ ያን ስም ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ።

የአባቴን ፊት በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ሌባ በር ላይ ሲያዝ እንደሚሆነው ሆነ። ያ የሆነው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ደስታው አሸነፈ። ዕድሜውን ሙሉ ለሚስቱና ለልጆቹ ሲያወራው የኖረውን ነገር እውነተኛው የደጃዝማች የልጅ ልጅ በእንባ አጸደቀለት። እሱም አለቀሰ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ምስኪን ሰው፣ «ልጆቹስ?» ሲል ጠየቀ።

«ልጆቹማ ወንድምና እህት ናቸው!» አለ አጎትየው። «ቁጠራት። የእሷ አባት፣ አያቷ፣ ደጃዝማቹ፤ ሦስት። የእሱ እናት፣ አያቱ፣ ደጃዝማቹ፤ ሦስት። ሦስት ቤት! እግዜር ነው ያተረፈን።»

«ተመስገን» አለ አባቴ።

በጉ ቀረበ። ለእጮኝነቴ የታረደውን በግ ለዝምድናቸው በሉት፤ አጥንቱ ሳይቀር ጋጡት። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ አጎትየው ጉንጬን ስሞ «የእኛ ደም!» አለኝ። ጢሙ ቅባት ነበረው።

በማግስቱ ልጁን ሐይቁ ዳር አገኘሁት። ፈርቼ ነበር የሄድኩት፤ ያመጸ፣ የተቆጣ፣ እንጥፋ የሚለኝ መስሎኝ። ወርጄ ሳየው ተረጋግቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ይደረጋል» አለኝ። «ይህን ነገር ማን አወቀ።»

«አንተ የታሪክ አስተማሪ ነህ» አልኩት። «ማስረጃ የለውም እኮ። አባቴ ብቻውን የተናገረው ነው።»

«የቃል ታሪክም ማስረጃ ነው።»

ያን ቀን ስለ ደጃዝማቹ አንድ ሰዓት አወራኝ። እናቱ በስውር የነገረችውን፣ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን። እውነት ለመናገር ደስ ብሎታል፤ ያን ቅድመ አያት ለብቻው ተሸክሞ ኖሮ አሁን የሚያካፍለው ሰው አገኘ። ልንለያይ ስንል እጄን ጨበጠና «እህቴ» አለኝ። ያ የምወደው ድምፅ ያን ቃል ሲል በጥፊ ልለው ቃጥቶኝ ነበር። ግን ጨብጦት ነበርና ለመታገል አፈርኩ።

እናቴ ሦስት ቀን ጓዳዋን ስትጠርግና ስታጥብ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ቀና ሳትል «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» አለች። እናቴ ተረት የማታበዛ ሴት ናት፤ ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ድንጋይ ከምስሩ ለቅማ ጣለች። «አያትሽን በደንብ የሚያውቁ አንድ ሰው ቡሹሎ አሉ። አባትሽ ገበያ ላይ ሲያያቸው መንገድ ያቋርጣል። ለምን እንደሚያቋርጥ እሳቸውን ጠይቂ። እኔ አልነገርኩሽም።»

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ በጋሪ እስከ ከተማው ዳር ሄድኩ፤ ከዚያ በበቆሎው መሀል በእግሬ። ቡሹሎ ያኔ ከጤና ጣቢያው በቀር ማሳና እንሰት ነበር። ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ከእንሰት ቃጫ ገመድ ይገምዳሉ። ሲዳማ ናቸው፤ አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ ቃል እየመረጠ የሚሄድ ነው። እጅ ነሥቼ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ አያቴን ጠራሁላቸው።

ሽማግሌው ገመዱን አስቀመጡ። «ጫኙ!» አሉ። «የጫኙ የልጅ ልጅ! ነይ፣ ተቀመጪ ልጄ።»

ጫኝ የሚለውን ቃል እኛ ቤት ማንም በአፉ አንሥቶት አያውቅም። እሳቸው ግን ሰው ደጃዝማች እንደሚል አድርገው ነበር የጠሩት።

ወተት አስመጡልኝ። ከዚያ «መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ፤ የማታውቂው ሰው የሚነግርሽን እንዴት ታምኛለሽ» አሉና የራሳቸውን ዘር መቁጠር ጀመሩ። አባታቸውን፣ የአባታቸውን አባት፤ ጣታቸው አልቆ ከአውራ ጣታቸው እንደገና እስኪጀምሩ ድረስ። ድምፃቸው አይወጣም፣ አይወርድም። አንድም ማዕረግ አልነበረበትም። አንዱ ጋ ሲደርሱ «ይኼኛው ጥሩ ሰው አልነበረም» ብለው ቀጠሉ። ዘር ቆጥሮ መሀሉ ላይ መጥፎ ሰው ያስገባ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

ከዚያ ስለ አያቴ ነገሩኝ። «እኔ ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ይበልጠኛል። የደጃዝማቹን አጋሰስ ይጭናል፤ እኔ በቅሎ እይዝለታለሁ። አባት የለውም። ትንሽ ሆኖ ከጭነቱ ጋር መጣ፤ አገሩን እሱም አያውቅ። ኋላ ይርጋለም ስም ሲጻፍ የአባት ስም አምጣ አሉት። ማንን ይበል? ያበላውን ሰው ስም ሰጠ። ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ነው ያደረገ። ደጃዝማቹ እሱ መኖሩን አያውቅም።»

«እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» አልኳቸው። ይህን ጥያቄ አባቴን ስንት ጊዜ ጠይቄው ነበር።

አሰብ አደረጉ። «እሱ የጫናት በቅሎ ጀርባዋ ቆስሎ አያውቅም» አሉ። «ሌላው ጫኝ የጫናት ትቆስላለች፤ ዝንብ ይበላታል። የእሱ አትቆስልም። አመል ነበረው፣ ጭኖ ሲጨርስ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ይላታል። ምን እንደሚላት አልነገረኝም።»

ከዚያ ገመዱን አነሡና በእግራቸው ጣት ይዘው አንድ ነገር አሰሩ። «ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲዘነብል አይላላም። በዚህ ብትስቢ ይጠብቃል፤ በዚህ ብትስቢ ይፈታል። በቅሎ ብትወድቅ ቶሎ መፍታት አለብሽ፤ አለዚያ ትሞታለች።»

አየሁት። አባቴ በየቀኑ በፋይሎቹ ላይ የሚያስረው ቋጠሮ ነው። የመኳንንት ደብዳቤ ነው ያለኝ። ሳቅሁ፤ ሽማግሌውም ለምን እንደምስቅ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ። እስኪገባኝ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ አስተማሩኝ። ስሄድ የገመዱን ቁራጭ ሰጡኝ።

እየበረርኩ ነው የተመለስኩት። ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ እዩልኝ። አያቴ ጫኝ ከሆነ ደጃዝማቹ አያገናኘንም፤ ሦስት ቤቱ ፈረሰ፤ እዳራለሁ። ለአባቴም ቢሆን ትርፍ ነው፤ ለቅጹ ከጭሰኛ ልጅ ይልቅ የጫኝ ልጅ ምን ያንሰዋል? በዚያ ላይ እውነት ነው። በዚያ ዘመን እውነቱን ተናግሮ የሚጠቀም ሰው ስንት ነበር? አባቴ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ መሆን ይችል ነበር።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። የቆዩ ፋይሎችን እያሰረ ነበር።

«አባባ፣ አያቴ የደጃዝማቹ ጫኝ ነበሩ» አልኩት።

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ቡሹሎ ያሉት ሽማግሌ።»

ይክዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሊክደኝ አልደከመም፤ ቋጠሮውን ጨርሶ ጠበቅ አደረገው። እስከዚያ ድረስ የሚናገረውን የሚያምን መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነው፣ ተሞኝቷል ብዬ ነበር። ያን ቀን ግን ሁሉንም ሲያውቅ እንደኖረ አየሁ። አባቱ በቅሎ ሲጭኑ ቆሞ አይቷል፤ ገመዱን ያስያዙት እሳቸው ናቸው።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው አባባ» አልኩት። «ለአጎትየው ብቻ ይንገሩልኝ። አባቴ የጫኝ ሥራ ነበራቸው ይበሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሰው ፊት?»

«ለመንግሥት ጭሰኛ ብለው ፈርመው የለ?»

«ቅጽ ወረቀት ነው። ማን ያነበዋል? ሰው ግን ያወራል።» ፋይሉን መደርደሪያ ላይ ሰቀለ። «ልጄ፣ ባል ሞልቷል። ስም ግን አንዴ ከወደቀ አይነሣም።»

ባል ሞልቷል አለኝ፤ ሽንኩርት ሞልቷል እንደሚባለው። እያለቀስኩ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ያገኘችኝ ጓደኛዬ የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ።

ያን ሳምንት አንድ ክፉ ነገር አሰብኩ፤ መደበቅ አልፈልግም። ቅጹን የመታሁት እኔ ነኝ። ቀበሌ ሄጄ «ጭሰኛ ብሎ የጻፈው ሰው ቤቱ ውስጥ በር ዘግቶ የደጃዝማች ዘር ይቆጥራል» ብል ኖሮ ያን ኩሩ ሰው በአንድ ጠዋት ያወርዱት ነበር። እስከ ቀበሌው በር ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው «ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ «የስኳር ወረፋ መቼ ነው?» አልኩት። ደግነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው፤ ደግሞም አባቴ ነው።

በአባቴ ፋንታ እኔው አጎትየው ዘንድ ሄድኩ። ልጁም እዚያው ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽማግሌውንም አምጥቼ አስመሰክራለሁ አልኩ።

አጎትየው ሳቀ። «ሴት ልጅ ባል ስትፈልግ አያቷን ጫኝ ታደርጋለች!» አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየና ድምፁን ቀንሶ «ለደጃዝማች ዘር ገባር ይመሰክራል?» አለኝ። ወደ ልጁ ዞርኩ። ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ገጽ ገለጠ። አንድ ቃል ቢናገር እስክሞት እወደው ነበር። ደብተሩን አርሞ ሌላውን አነሣ።

እንግዲህ ዘመዳሞች ሆነን ቀረን። አባቴና አጎትየው በየእሁዱ ተገናኝተው በር ዘግተው ያወራሉ፤ ስለ በቅሎዎቹ ቀለም አይስማሙም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ልጁ ከይርጋለም ሚስት አገባ፤ ዘሯ ተቆጥሮ ሰባት ቤት ተርፎ ሞልቶላታል። አባቴ «ወንድምሽ ሲዳር አልሄድም ትያለሽ?» ብሎ ቀሚስ አሰፋልኝ። ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ጎኔን ጎሸም አድርጋ «አንቺ፣ የሙሽራው እህት አይደለሽም? እልል በዪ እንጂ!» አለችኝ። እልል አልኩ። 

ሙሽራዋን ለማምጣት ወደ ይርጋለም ከሄዱት መሀል አባቴ ነበረበት፤ በሙሽራው ዘመድነት ከፊት ወንበር ተቀምጦ። ከሰዓት ላይ መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ዳሱ ደጃፍ ቆመ። ሙሽራዋ ወረደች። ከላይ፣ በመኪናው ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ የሙሽራዋ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን በገመድ ታስሯል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ አባቴ «እኔ ልሰረው» ብሎ ራሱ ወጥቶ ነበር ያሰረው። አሁን ግን እሱ ዳስ ውስጥ ከአጎትየው ጋር ከፍ ካለው ቦታ ተቀምጧል፣ ሳጥኑ ደግሞ አይወርድም። ሁለት ሚዜዎች ሱፋቸውን እያቆሸሹ ቋጠሮውን ይታገላሉ። በጥፍር ሞከሩ፣ በጥርስ ሞከሩ። ባለመኪናው ቢላ ይምጣ ሲል የገመዱ ባለቤት ገመዴ አይቆረጥም ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰብስቦ ይስቃል፤ ሙሽራው ራሱ ወጥቶ ቆመ።

ጫማዬን አወለቅሁና መኪናው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በዚህ ብትስቢ ይጠብቃል፤ በዚህ ብትስቢ ይፈታል። ሳብኩት። ሳጥኑን የያዘው ገመድ በሙሉ ዝርግፍ አለ።

ሰዉ አጨበጨበ። አባቴና አጎትየው በጭብጨባው ከዳሱ ብቅ አሉ። አጎትየው አባቴን «አንተ፣ ይህን የመሰለ ቋጠሮ ከማን ተማርክ?» አለው።

አባቴ ሳያስበው «ከአባቴ ነዋ» አለ።

መኪናው ላይ እንደቆምኩ ነኝ፤ ሁሉም ወደ ላይ ያየኛል፣ ሙሽራውም። ገመዱን እየጠቀለልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባታቸው የደጃዝማቹ ጫኝ ነበሩ። የጫኗት በቅሎ ጀርባዋ ቆስሎ አያውቅም» አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ሆነን ተያየን። አሁን ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ይላታል ብዬ ጠበቅሁ፤ በዚያች ቅጽበት እንኳ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ ብቻ እንዲላት ፈልጌ ነበር። አጎትየው «ቀልደኛ ልጅ!» ብሎ ሳቀ፤ ሰዉም ተከትሎት ሳቀ። ከሁሉም ድምፁ ጎልቶ የተሰማው፣ ሆዱን ይዞ የሳቀው፣ አባቴ ነበር።